«ጽናት» ለባክቴሪያ ይሆናል?

ተርጓሚዋ፦ ከምግብ ጋር ገብቶ ሰውን ስለሚያሳምመው ባክቴሪያ፣ ስለ ሊስቴሪያ፣ የተጻፈ ጽሑፍ እያረምኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተገትሬአለሁ። ከእኔ በፊት የጀመረው ሰው «የሊስቴሪያ ዝርያዎች በጽናት ይለያያሉ፤ ልዩነቱም ከዘረ መላቸው ነው» ብሎ ትቶታል። ምን ማለቱ ይሆን?

ቆሎ ተማሪ፦ ምኑ ያስቸግራል? ጸንዐ፣ በረታ። «ሕመሙ ጸናበት» እንል የለ? «ጽኑ ሕሙማን»ስ? ዓረፍተ ነገሩ እንከን የለውም።

ባለ ማይክሮስኮፕ፦ አለው እንጂ። ሊስቴሪያ ሲሲ እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩ የዘር ሐረጎች አሉት። ሲሲ1 እና ሲሲ4 ሰውን ክፉኛ የሚጥሉት ናቸው። ሲሲ9 እና ሲሲ121 ግን በብዛት የሚገኙት ምግብና ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ በተለይ ሲሲ121 የማጽጃውን ኬሚካል ችሎ ይከርማል፤ ሰው ላይ ሲደርስ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። ታዲያ ጽኑ የምንለው የሚጥለውን ነው የሚችለውን?

መሪጌታ፦ ግእዙ «ሕምዝ» እያለ ጽናት ፍለጋ ምን አስኬዳችሁ? ላቲኑም «ቪሩስ» ሲል መርዝ ማለቱ ነው። «ሕምዛምነት» በሉትና ዕረፉ። እኔ ቅኔ ስቀኝ እናንተ ፊደል አልቆጠራችሁም።

ባለ ማይክሮስኮፕ፦ የኔታ፣ ይህ እኮ እንደ እባብ መርዙን ረጭቶ የሚሄድ አይደለም፤ ሴል ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ኢንተርናሊን ኤ የሚባለው ፕሮቲን የአንጀትን ሴል የሚከፍትበት ቁልፉ ነው። በብዙዎቹ የሲሲ9 እና የሲሲ121 ባክቴሪያዎች የዚህ ቁልፍ ዘረ መል መሐሉ ላይ ያለ ቦታው አራት ነጥብ ገብቶበታል። ፕሮቲኑ ተጎምዶ ይወጣል፤ ከባክቴሪያው ገላ ላይ መጣበቂያ ስለሌለውም ቁልፉ ከእጁ ይወድቃል።

ቆሎ ተማሪ፦ አራት ነጥብ! «ዘረ መል» ውስጥ ያለው «መል» የ«መልእክት» ቁራጭ ነው ስል ማን ሰማኝ? ይኸው መልእክቱ ተቆረጠ።

መሪጌታ፦ «መልእክት» ከ«ለአከ» ነው፤ «መ» ባዕድ ናት። «መል» ብለህ ስትቆርጠው ከሥሩ የተረፈህ አንዲት «ል» ብቻ ናት። የአንተም ቁልፍ ወድቋል።

ቆሎ ተማሪ፦ እንግዲያው ከ«መልክ» ይሁን።

ተርጓሚዋ፦ ከመልእክትም ይምጣ ከመልክ፣ «ጽናት»ን ልሰርዘው ወይስ ልተወው?

ባለ ማይክሮስኮፕ፦ «በሽታ የማምጣት ኃይል» ብትይው...

መሪጌታ፦ ቆይ አንተ። መልክ ከ«መልክእ» ነው፤ እሱም በአልፋው «አ» እንጂ በዓይኑ «ዐ» አይጻፍም።

ቆሎ ተማሪ፦ በዓይኑ የጻፉትን ብራና ሁሉ ልታርሙ ነው፣ የኔታ?