አስቸኳይ፦ ቫርኒሽ ከቀባሁ በኋላ ጥቁር ሰማያዊው ጉም ለበሰ፣ አንዱ ጥግ ደግሞ አልደርቅ አለ

ሰማያዊት (ጠያቂ)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሸራው 80 በ 100 ሴንቲሜትር ነው፣ አክሪሊክ። ትናንት ማታ ማት (የማያንጸባርቅ) ቫርኒሽ ቀባሁት። ዛሬ ጠዋት ሳየው ጥቁር ሰማያዊው ሰማይ በሙሉ ወተት የፈሰሰበት መስሏል። ነጩና ቢጫው ቦታ ምንም አልሆነም። ከታች በስተቀኝ ያለው ጥግ ደግሞ በጣት ሲነካ ይጣበቃል፤ ቫርኒሹን ስቀባም እዚያ ጋ ብሩሹ ሰማያዊ ይዞ ተነሳ። ሥዕሉን የሚረከበው ሰው ነገ ከሰዓት ይመጣል። ቀለሙ የተማሪ ሳይሆን የሰዓሊ ደረጃ ስለሆነ እንዲህ መሆን አልነበረበትም፤ ቱቦው የተበላሸ ይመስለኛል። አሞኒያ አለኝ። ቫርኒሹን በእሱ አጥቤ ልድገመው?

ሸራ ወጣሪ
አሞኒያውን አሁኑኑ ክደኚው። አሞኒያ የሚያለሰልሰው ቫርኒሹን ብቻ አይደለም፤ ቀለሙም ያው አክሪሊክ ስለሆነ አብሮ ይለሰልሳል። በቀለሙና በቫርኒሹ መካከል መለያ የሚሆን አንድ እጅ ጄል (ሲደርቅ የሚጠራ ወፈር ያለ አክሪሊክ ሙጫ) ከሌለ ጨርቁ ሰማዩን ይዞት ይነሳል። አልኮልም እንደዚያው ነው።

መጀመሪያ እነዚህን ንገሪን። ከቫርኒሹ በፊት አንጸባራቂ ጄል ቀብተሻል? የመጨረሻው ቀለም ከተቀባ ስንት ቀን ሆነው? ጥጉ ላይ ከቀለሙ ጋር ምን ደባለቅሽ? ማቱን ስንት እጅ ቀባሽ፣ ከመቅባትሽ በፊትስ ከሥሩ አማስለሽዋል? ክፍሉ ሌሊት ይቀዘቅዛል?

ቶሎ ይድረቅ
ፀጉር ማድረቂያ በከፍተኛው ሙቀት፣ 10 ደቂቃ። ጉም ማለት የታፈነ ውሃ ነው፤ ውሃው ሲወጣ ይጠራል።

ፒግመንት
«የሰዓሊ ደረጃ ስለሆነ እንዲህ መሆን አልነበረበትም» የሚለው ሐሳብ መታረም አለበት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው በዚህ ነው። የሰዓሊ ደረጃ የሚባለው ፒግመንቱ፣ ማለትም መልክ የሚሰጠው ዱቄት፣ ስለሚበዛና መሙያ ዱቄቱ ስለሚያንስ ነው። እንዴት እንደሚደርቅ ወይም ከምን ጋር እንደሚስማማ የሚነግርሽ ነገር የለም።

ቱቦውን ገልብጠሽ ጀርባውን አንብቢ። «ፒቢ» የሰማያዊ ፒግመንት ኮድ ነው፤ ፒቢ 29 ካለ አልትራማሪን ነው፣ ፒቢ 15 ካለ ፍታሎ ሰማያዊ፣ ፒቢ 28 ካለ ትክክለኛ ኮባልት። ባለ አንድ ኮድ ቀለም ከሌላ ጋር ሲደባለቅ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ባለ ሦስት ኮዱ ቶሎ ይደፈርሳል። ከስሙ ቀጥሎ «ሂዩ» የሚል ካለ በስሙ የተጠራው ፒግመንት የለበትም፣ መልኩን በሌላ አስመስለውታል ማለት ነው። ይህ ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም፤ ካድሚየምን ለመሸሽ የሚመርጡትም አሉ። ብርሃን የመቋቋም ደረጃው ኤኤስቲኤም በሚባለው የደረጃ መለኪያ 1 ወይም 2 ከሆነ ለሚሸጥ ሥዕል ይበቃል።

የተበላሸ ቱቦ ደግሞ ይታወቃል። ቅዝቃዜ አርግቶት ሲቀልጥ የቆየ ቀለም ተቋጥሮ ፍርፍር ይላል፤ የሻገተ ይሸታል። ወጥ ሆኖ ከወጣልሽ ቱቦው ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጊ።

ነጠብጣብ
ሰማይ ጉም መልበሱ ያለ ነው 😀 ለማንኛውም አይዞሽ፣ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። እኔም ፀጉር ማድረቂያ እላለሁ።

ሸራ ወጣሪ
ሁለታችሁም ስለ ፀጉር ማድረቂያው ቆም በሉ። አክሪሊክ የሚደርቀው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ውሃው ይተናል፤ ከዚያ የአክሪሊክ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ይዋሃዱና አንድ ቆዳ ይሆናሉ። ኃይለኛ ሙቀት በአንድ ጊዜ ከላይ ሲያርፍበት ፊቱ ቀድሞ ይዘጋል፣ ከሥር ያለው ውሃ መውጫ ያጣል። ከዚያ ወይ ጉሙ እዚያው ይቀራል፣ ወይ የታችኛው ሲኮማተር የላይኛው ይሰነጣጠቃል። ሙቀት አክሪሊክን ያለሰልሳልም፤ የሚጣበቀው ጥግ የባሰ ይጣበቃል፣ አቧራውንም ሁሉ ይሰበስባል።

ሰማያዊት (ጠያቂ)
ስለ ዝርዝሩ ይቅርታ። ጄል አልቀባሁም፣ እንደሚያስፈልግም አላውቅም ነበር። የመጨረሻው ቀለም 4 ቀኑ ነው። ጥጉ ላይ ከጥቁር ወደ ሰማያዊ የሚሸጋገረው ቦታ እንዳይደርቅብኝ ሪታርደር ጨምሬበታለሁ፣ ግማሽ በግማሽ ገደማ። ማቱን ሦስት እጅ ቀባሁ፣ በአንድ ማታ። ጠርሙሱ ሊያልቅ የደረሰ ነበር፤ አላማሰልኩትም፣ ገልብጬ አፈሰስኩት። ክፍሉ ሌሊት በጣም ይቀዘቅዛል። ጠርሙሱ ላይ በአሞኒያ ይነሳል ይላል፣ ለዚያ ነው የጠየቅኩት።

ፒግመንት
ሁሉም ነገር እዚህ መልስ ውስጥ አለ።

ንብርብር
አሁን በደንብ መመለስ ይቻላል። ሁለት የተለያዩ ችግሮች ስለሆኑ አትደባልቂያቸው።

ጉሙ፦ ማት ቫርኒሽ የማያንጸባርቀው ውስጡ ደቃቅ የማደብዘዣ ዱቄት ስላለ ነው። ዱቄቱ ብርሃንን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትናል። በነጭና በቢጫ ላይ አይታይም፤ በጥቁር ሰማያዊ ላይ ግን የተበተነው ብርሃን ወተት ይመስላል። ዱቄቱ ደግሞ ከጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣል። ሳታማስይ የመጨረሻውን አፈሰስሽ ማለት ዱቄቱ የበዛበትን ቀባሽ ማለት ነው፣ ያውም ሦስት እጅ። ማት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት እጅ አንጸባራቂ ይቀባና ማቱን የመጨረሻው እጅ ብቻ ላይ ያደርጋል። ማንጸባረቁን የሚወስነው ላይኛው እጅ ስለሆነ አንዱ ይበቃል። ጠርሙሱን በዱላ ቀስ ብሎ ማማሰል እንጂ መነቅነቅ አያስፈልግም፣ አረፋ ያስገባል።

በዚህ ላይ ቅዝቃዜ አለ። ከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቅንጣቶቹ በደንብ አይዋሃዱም። ሦስት እጅ በአንድ ማታ ስለተደራረበም ውሃ ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጉሙ ከፊሉ ውሃ፣ ከፊሉ ዱቄት ነው ብዬ እገምታለሁ።

የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ ሥዕሉን ክፍሉ 20 ዲግሪ ያህል ሞቆ፣ ደረቅ አየር በቀስታ እየተዘዋወረበት እስከ ነገ ጠዋት አቆዪው። ቬንቲሌተር ካለሽ ወደ ግድግዳው አዙሪው እንጂ ሸራው ላይ አታነጣጥሪ። ጠዋት ጣትሽን በንጹህ ውሃ አርጥበሽ ሁለት ሴንቲሜትር የምታህል ጉም የለበሰች ቦታ ላይ አሳርፊ፣ አይተሽ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አንሺው። ከ 5 ሰከንድ በላይ አታቆዪ፤ ገና ያልጠነከረ ቫርኒሽ ውሃ ከጠጣ ራሱ ይነጣል። ስታረጥቢው ጥቁሩ ተመልሶ ከታየ ጉሙ ከፊቱ ሻካራነት የመጣ ነው፤ ከዚያው ዓይነት ቫርኒሽ አንጸባራቂውን በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ አንድ ቀጭን እጅ መቀባት ብዙውን ይመልሰዋል። ረጥቦም ወተት ከሆነ ጉሙ ውስጥ ነው፤ ከላይ የምትቀቢው ነገር አያጠፋውም።

ግራጫ ሸራ
አንጸባራቂ ከቀባችበትማ ማት መሆኑ ቀረ። ማት የፈለገችው በምክንያት ነው እኮ።

ንብርብር
ልክ ነህ፣ ቀረ። ግን ነገ ከሚያንጸባርቅ ጥቁር ሰማይና ከማያንጸባርቅ ግራጫ ሰማይ መካከል መምረጥ ካለባት ጥቁሩ ይሻላል። መደብዘዝ ከፈለገች የተጠናቀቀው እጅ በደንብ ከደረቀ በኋላ በሚገባ የተማሰለ ሳቲን (በማትና በአንጸባራቂ መካከል ያለ ቫርኒሽ) አንድ ቀጭን እጅ መጨመር ትችላለች። ሳቲን ውስጥ ዱቄቱ ያነሰ ነው።

ቶሎ ይድረቅ
የፀጉር ማድረቂያውን ሙቀት አጥፍታ በቀዝቃዛ አየር ብትነፋውስ?

ሸራ ወጣሪ
ከሩቅ፣ ለስላሳ አየር ከሆነ አይጎዳም። ግን ቬንቲሌተር ከሚሠራው የተለየ አይሠራም።

እርጥብ ፓሌት
ስለ ጥጉ ማንም አልተናገረም፣ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን እሱ ነው። ሪታርደር ሙጫ የለውም። ይህን ከያዛችሁ ስለ ሚዲየሞች፣ ማለትም ከቀለም ጋር ስለሚደባለቁ ነገሮች፣ ግማሹን አወቃችሁ። አንጸባራቂ ሚዲየም፣ ለስላሳ ጄል፣ ወፍራም ጄል፣ ሞዴሊንግ ፔስት፣ ሁሉም ውስጣቸው ያ ቀለሙን የሚይዘው አክሪሊክ ሙጫ አለ፤ በማንኛውም መጠን ብትደባልቋቸው ቆዳው ይያያዛል። ውሃ፣ ሪታርደር፣ ፍሰት ማሻሻያ ግን ሙጫ የላቸውም። ቀለሙን ያሳሳሉ እንጂ አያያይዙም። ለዚህ ነው ገደብ ያላቸው። ውሃ፣ ቀለሙ ከመጀመሪያው ቀጭን ካልሆነ፣ እኩል በእኩል ድረስ አያስጨንቅም፤ ከዚያ ካለፈ በሚመጥ ሸራ ወይም ወረቀት ላይ እንጂ በልሙጥ ፊት ላይ በደንብ አይይዝም። ሪታርደር ከድብልቁ 15 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ ለ 6 ማንኪያ ቀለም 1 ማንኪያ ማለት ነው።

ግማሽ በግማሽ ሲሆን እየተነነ የሚያልቀው ሪታርደር በጣም ስለበዛ ቅንጣቶቹ እየተንሳፈፉ ይቆያሉ፣ ፊቱ የደረቀ መስሎ ውስጡ እርጥብ ይሆናል። ብሩሽሽ ሰማያዊ ይዞ የተነሳው ለዚያ ነው። ቫርኒሹ ደግሞ ከላይ ዘጋበት። አሁንም ይወጣል፣ ግን በሳምንታት ነው እንጂ እስከ ነገ አይደለም። ስለዚህ ነገ ጥጉ ላይ ምንም አትቀቢ። ፕላስቲክም፣ ወረቀትም፣ ሌላ ሥዕልም ፊቱ ላይ እንዳያርፍ፤ ከተጣበቀ ሲነሳ ቀለሙን ይነቅላል። ጠቅልለሽ ልትሰጪው ካሰብሽ ከፊቱ ፈቀቅ የሚል ጥልቅ ክፈፍ ወይም ሣጥን ያስፈልጋል።

ነጠብጣብ
ከሪታርደር ይልቅ ግሊሰሪን ጥቂት ጠብ ብታደርግ ኖሮ አይሻልም ነበር? ብዙ ሰው ይመክራል።

እርጥብ ፓሌት
እባክህ ይህን አትምከር። ሪታርደር ውስጥ ያለው ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ ቢዘገይም ይተናል። ግሊሰሪን ግን ቀለሙ ውስጥ ይቀራል፣ ከአየርም እርጥበት ይስባል። ዝናባማ ቀን በመጣ ቁጥር የሚጣበቅ ሥዕል ይሆናል። መድረቅ ለማዘግየት ከፓሌቱ ሥር እርጥብ ስፖንጅ፣ ከላዩ ብራና ወረቀት አድርጎ ቀለሙን እዚያ ላይ ማኖር፣ አልፎ አልፎም ሸራውን በውሃ ርጭት እፍ ማለት ይበቃል። ቀለሙ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም።

ግራጫ ሸራ
ከመጀመሪያው ቫርኒሹስ ለምን አስፈለገ? አክሪሊክ ያለ ቫርኒሽም ይኖራል።

ሸራ ወጣሪ
ይኖራል፣ ግን የደረቀ አክሪሊክም በክፍል ሙቀት ትንሽ ለስላሳ ነው። አቧራና ጭስ ይይዛል፣ ሲጸዳም የሚነካው ራሱ ቀለሙ ነው። ቫርኒሽ የሚቀባው ተነስቶ እንዲታደስ ነው፤ ለዚህም ነው መለያው እጅ የሚያስፈልገው። ሰማያዊት ለሚቀጥለው ያዢ፦ ቀለሙ ከደረቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ 2 ስፍር ለስላሳ አንጸባራቂ ጄል ከ 1 ስፍር ውሃ ጋር ቀስ ብለሽ አማስይ፣ አረፋው እንዲሸሽ ክዳኑን ዘግተሽ አሳድሪው፣ በሰፊ ብሩሽ አንድ ጊዜ አንጥፈሽ ተዪው። ማት ጄል አይሁን፣ እሱም ራሱ ጉም ነው። ከዚያ በኋላ ቀጭን ሥዕል ከሆነ አንድ ሁለት ሳምንት ቆይተሽ ቫርኒሹን ቀቢ። ወፍራም ከሆነ ወራት ይፈልጋል። አራት ቀን ግን ለማንኛውም ያንሳል።

ፒግመንት
ተረካቢውን በግልጽ ማነጋገርም አለ። «ቫርኒሹ ገና አልጠነከረም፣ አንድ ወር እኔ ዘንድ ይቆይ» ማለት ሥዕሉን ከማበላሸት ይሻላል። ክፍሉ ሞቆ ቢቆይ ጥጉ የመጥናት ዕድል አለው፤ ከጠና በኋላ ያንን ሽግግር በአዲስ ቀለም ማስተካከል ይቻላል፣ አሁን ግን ምንም አይያዝበትም።

ሰማያዊት (ጠያቂ)
ክፍሉን አሞቅኩት። ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ ላዙረው ወይስ ጋደም ላድርገው?

ንብርብር
ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርገሽ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፣ ፊቱ ወደ ክፍሉ። አቧራ እንዳያርፍበት ክፍሉን አትጥረጊ። ጠዋት የውኃውን ፍተሻ ስታደርጊ ምን እንዳየሽ ጻፊልን፣ ጥጉን ሳትነኪ።

አዲስ ብሩሽ
ሳላቋርጥ ልጠይቅ፦ ሞዴሊንግ ፔስት ከጄል ጋር አንድ ነው?

እርጥብ ፓሌት
አይደለም። ጄል ሲደርቅ ይጠራል፤ እርጥብ ሳለ ግን ወተት ይመስላል፣ ስለዚህ በጄል የተደባለቀ ቀለም ሲደርቅ ጠቆር ይላል፣ ይህን አስበህ ቀባ። ሞዴሊንግ ፔስት የእብነ በረድ ዱቄት ስላለው ነጭ ሆኖ ይደርቃል፣ በአሸዋ ወረቀትም ይሞረዳል። የገባው ቀለም በሙሉ ይነጣል። ወፍራም አድርገህ በአንድ ጊዜ አታንጥፈው፤ 3 ሚሊሜትር እየሆነ ይደራረብ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ከመጣ ይሰነጠቃል።

ነጠብጣብ
ሰማያዊት፣ ጠዋት ሆነ። እንዴት ሆነ?