ሴኪዩር ቡትን ሳላጠፋ የዋይፋይ ድራይቨር እንዴት ላስነሳ?

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ ለሒሳብ ሥራ በምጠቀምበት ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ ጎን ለጎን ተጭነዋል። ለዋይፋዩ ለብቻው የጫንኩት ድራይቨር ዲጂታል ፊርማ ስለሌለው፣ ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይጫን የሚከለክለው መከላከያ) በርቶ ሳለ የኡቡንቱ እምብርት የሆነው የሊኑክሱ ከርነል አይቀበለውም። ሳጠፋው ደግሞ ኡቡንቱ በትክክል ይሠራል፤ ዊንዶውስ ግን ባለ 48 አኃዙን የቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ ማመስጠሪያ) መልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቀኛል፤ ቲፒኤም የተባለው ቺፕ የማስነሻው ሁኔታ መለወጡን ስለሚመዘግብ ይህ የሚጠበቅ ነው። መልሼ ሳበራው ያለ ጥያቄ ይነሳል።

ብዙዎች «አጥፋውና ተገላገል» ይሉኛል፤ የደንበኞች ሰነድ በያዘ ማሽን ላይ ግን ይህን አልቀበልም። ስለዚህ የራሴን የመፈረሚያ ቁልፍ በሞክዩቲል (ቁልፉን ሴኪዩር ቡት እንዲያምነው በሚያስመዘግበው የሊኑክስ መሣሪያ) አስመዝግቤ ድራይቨሩን ለመፈረም አስቤያለሁ። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስን በግረብ (በኡቡንቱ የማስነሻ ፕሮግራም) በኩል ሳይሆን በቀጥታ ከዩኢኤፍአይ (ከላፕቶፑ የራሱ የማስነሻ ሶፍትዌር) ሜኑ ባስነሳው ቢትሎከር ዳግም ይቆልፈኛል? ከርነሉ በታደሰ ቁጥርስ ዲኬኤምኤስ (ድራይቨሩን ለአዲሱ ከርነል ዳግም የሚያዘጋጀው መሣሪያ) በራሱ ይፈርማል ወይስ በእጄ መፈረም ይኖርብኛል?

በፈረንጆቹ 2011 የወጡት የማይክሮሶፍት የሴኪዩር ቡት ሰርተፍኬቶች ከጁን 2026 ጀምሮ ጊዜያቸው ስለሚያልፍ፣ ባዮሱን አስቀድሜ ላዘምን እንደሆነም ንገሩኝ፤ ባትሪዬ ስለደከመ መብራት መሀል ላይ እንዳይጠፋብኝ እሰጋለሁ።