የጄድ ቅርጽ፦ ወፍ ከየትኛው አበባ ጋር?

ጥያቄ፦ ከኔፍራይት ጄድ (ጠንካራ የጌጥ ድንጋይ) 6 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የአንገት ጌጥ ሊቀረጽ ነው። ድንጋዩ ነጭ ነው፤ በአንድ ጎኑ ቡናማ ልጣጭ፣ መሃሉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለው። በቻይናውያን ልማድ ምን ወፍ ከምን አበባ ጋር ይሄዳል? ልጣጩስ ይነሳ?

መልስ 1፦ ልጣጩን እንዳትነካው! የቻይና ጠራቢዎች እንዲህ ያለውን ቀለም ሆን ብለው ለወፉ ያውሉታል፤ ነጩ ለአበባው ይቀራል። ስንጥቁን በቅርንጫፍ መስመር ወይም በቅጠል ጠርዝ አስኪደው። ለጥ ባለ ቦታ ላይ ከቀረ ማንጸባረቂያው ያጎላዋል።

መልስ 2፦ ማግፓይ (ጥቁርና ነጭ ላባ ያለው የቁራ ዘመድ) በፕለም አበባ ቅርንጫፍ ላይ ደስታን ያበስራል። በቻይንኛ «ሜይ» ፕለምም ቅንድብም ስለሆነ ምስሉ «ደስታ እስከ ቅንድብ ጫፍ» ተብሎ ይነበባል። የማንዳሪን ዳክዬ ከሎተስ (የውሃ አበባ) ጋር ለጋብቻ ነው፤ ግን ጥንድ መሆን አለበት። የፒዮኒ አበባ ሀብትና ክብር ነው። ክሬን (ባለ ረጅም እግር ወፍ) ከጥድ ጋር ረጅም ዕድሜን ቢያመለክትም፣ በዚህ መጠን ቀጭን እግሩ ይሰበራል። እኔ ብሆን ማግፓይ እመርጣለሁ።

መልስ 3፦ ምርጫው ጥሩ ነው፤ ጅራቱንና መንቁሩን ግን ከቅርንጫፉ ጋር አያይዘው። ጄድ በቢላ አይቆረጥም፣ እየተሞረደ ነው የሚቀረጸው። ጥንካሬው በሞስ መለኪያ ከ6 እስከ 6.5 ስለሆነ ጥንት የኳርትዝ አሸዋ (7) በውሃ ይሠራበት ነበር፤ ዛሬ የአልማዝ መሞረጃ አለ። ውሃው አይቋረጥ፦ በደረቁ ሲሠራ መሞረጃው ቶሎ ያልቃል፣ ብናኙም ሳንባ ይጎዳል። የአሸዋ ወረቀቱን ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ በቁጥር 220፣ 400፣ 600፣ 1200፣ 3000 እያልክ ሂድ። አንዱን ከዘለልክ ጭረቱ መጨረሻ ላይ ብቅ ይላል፤ ያኔ ወደ 400 መመለስ ነው።