ብሊዛርድ (ኃይለኛ ንፋስ ያለው የበረዶ ማዕበል) እየመጣ ነው፣ ልንቀሳቀስ ወይስ እዚሁ ልደር?

ሰላም ወገኖች። የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። አሁን ሰሜን ዳኮታ፣ ጄምስታውን ላይ ቆሜያለሁ። ጭነቴ የሚራገፈው ቢስማርክ ነው። ገና በኦክቶበር የብሊዛርድ ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። ዲስፓቸሩ (ጭነት የሚመድብልኝ ሰው) «ሳይብስ ቶሎ እለፍ» ይለኛል። የአካባቢው ሹፌሮች ግን ንቅንቅ እንዳትል ብለውኛል።

እኔም ፈርቻለሁ። የጫንኩት ቀላል ዕቃ ነው፤ ንፋሱ ተሳቢውን ከአሁኑ ያወዛውዘዋል። ሜዳው ልሙጥ ነው፣ ንፋስ የሚገታ ነገር የለም። አዲስ በረዶ መጣሉን ቢያቆም እንኳ ንፋሱ የወደቀውን እያነሳ መንገዱን ይጋርደዋል። ወደ ቢስማርክ የሚወስደው አውራ ጎዳና፣ አይ-94፣ ከተዘጋ ደግሞ መሃል ላይ መቅረት አለ።

በዚህ መስመር ክረምቱን የምትሠሩ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ናፍጣውን የሞላሁት ከዚህ ሞቅ በሚለው ካንሳስ ነው። በብርዱ ሰም ሠርቶ ፊልተሩን እንዳይዘጋብኝ መከላከያውን አሁኑኑ ልጨምር? ወይስ ቁጥር 1 ናፍጣ (ለብርድ የሚሆነውን ቀጭኑን) ልቀላቅልበት? ሞተር ሳላጠፋ ባድር፣ በረዶው ጭስ ማውጫውን ደፍኖት ጋዙ ወደ ውስጥ እንዳይገባ በየስንት ሰዓቱ ልጥረገው? ለዲስፓቸሩስ ምን ብዬ ልመልስለት? እስኪጨልም ብዙ አልቀረም፣ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ።