ሐይቅ ዳር ያስተዋወቁትን የኤሌክትሪክ መኪና ነዳሁት፤ ቀብዱን ልክፈል ወይስ ልታገሥ?

ዓሣ አቅራቢዋ፣ ሽምብጥ

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ባሕር ዳር፣ ጣና ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ግቢ ውስጥ፣ አንድ አስመጪ ገና ለገበያ ያላወጣውን የኤሌክትሪክ መኪና ለተጋበዙ ሰዎች ሲያሳይ እኔም ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ነድቼዋለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ቀብድ ለሚያስይዝ ቅናሽ አለ ብለዋል። ገንዘቡን አዘጋጅቻለሁ፤ ልቤ ግን አልቆረጠም፤ ስለዚህ የምታውቁ ሰዎች ብታማክሩኝ ደስ ይለኛል።

ሥራዬ ዓሣ ነው። ማለዳ ከአስጋሪዎች ተረክቤ፣ በበረዶ ሳጥን አድርጌ ለሆቴሎችና ለምግብ ቤቶች አደርሳለሁ። አሁን የምሠራበት አሮጌ የቤንዚን መኪና ነው። ቤንዚን ሲጠፋ ሰልፍ ላይ እውላለሁ፤ ዓሣው ግን እኔን ቆሞ አይጠብቅም። በዐቢይ ጾም፣ ገበያው በሚደራበት ወቅት፣ በጀሪካን ከሚሸጡት በእጥፍ ዋጋ እየገዛሁ ደንበኞቼን ላለማጣት ብቻ የሠራሁባቸው ሳምንታት አሉ። የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት መከልከሉ ደግሞ በጥር 2016 ዓ.ም. ተነግሯል። አዲስ ልግዛ ካልኩ መንገዱ ወደ ኤሌክትሪክ ነው፤ ወደ ግቢው የገባሁትም ይህንን አስቤ ነው።

የሙከራው መስመር ከሆቴሉ በር ተነሥቶ፣ ዘንባባ የተተከለበትን ዋና መንገድ ይዞ፣ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ፣ ዓባይ ማዶ ዞሮ መመለስ ነበር። ድልድዩ 380 ሜትር ነው፤ መሀሉ ላይ ስደርስ መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። የሞተር ድምፅ የለም፤ የሚሰማው የጎማው ሹክሹክታና በአጠገቤ የሚያልፉት ባጃጆች ድምፅ ነው። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

ነገር ግን ያ መንገድ ሜዳና ለስላሳ አስፋልት ስለሆነ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ የሚያወጣውን ዳገት ልሞክር ብዬ ጠየቅሁ። አብሮኝ የተቀመጠው ወጣት መጀመሪያ አመነታ፤ አለቃውን በስልክ ጠይቆ ፈቀደልኝ። በእኔ መኪና ማርሽ ቀንሼ በጭንቅ የምወጣውን ዳገት ይኸኛው ምንም ሳይቀየርበት ወጣው። ስንወርድ ደግሞ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ ባነሣሁ ቁጥር መኪናው ራሱ ይይዛል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከዜሮ በታች ይወርድና ኃይል ወደ ባትሪው እየተመለሰ እንደሆነ ያሳያል። ፍሬን የረገጥኩት ታች መገንጠያው ላይ ነው። (ነዳጅ መስጫ የምለው ከልማድ ነው፤ ሌላ ስም ካለው ንገሩኝ።)

ግቢው ከተመለስን በኋላ ሌሎቹ ሻይ ቡና ሲሉ እኔ ነጠላዬን ለጓደኛዬ አስይዤ ከመኪናው ሥር ተንበረከክሁ። ባትሪው ወለሉ ሥር ጠፍጣፋ ሆኖ ተዘርግቷል። እጄን አቁሜ ስለካው ከመሬት እስከ ባትሪው ሽፋን ያለው ክፍተት ስንዝር አይሞላም። እኔ ዓሣ የምረከብበት ቦታ የሚያስገባው መንገድ ደግሞ ድንጋይ የበዛበት ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጎማ ይውጣል። ሻንጣውን ከፍቼ ምንጣፉን ሳነሣ ስኮርት (ተለዋጭ) ጎማ የለም፤ በቦታው ትንሽ የንፋስ መሙያና የሙጫ ጠርሙስ ተቀምጧል። የመሀሉ ትልቅ ስክሪን ጽሑፉ ግማሹ በቻይንኛ ነው፤ ወጣቱም ቢሆን ቦታውን በቃሉ አጥንቶ እንደሚጫን አስተውያለሁ።

ባትሪው 45 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ አንድ ጊዜ ተሞልቶ 430 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለዋል። ቤቴ ያለው ቆጣሪ ነጠላ ፌዝ ነው፤ ምጣድም አለ። ይችለዋል? ከነጭነቱስ ስንት ይሄዳል? ባትሪው ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?

ኤሌክትሪሺያኑ፣ ዓባይ ማዶ

እህቴ፣ ስለ ቤትሽ መስመር እኔ ልመልስልሽ፤ እንጀራዬ ነውና።

ከመኪናው ጋር የሚሰጥሽ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ብዙ ጊዜ 10 አምፔር ይስባል። በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት ማለት ነው። ባትሪው ከባዶ እስኪሞላ ከ20 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ይህ እንዳያስደነግጥሽ። ከተማ ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ነድተሽ ብትገቢ የምትተኪው 9 ወይም 10 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ብትሰኪው ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል፤ አንቺ ወደ ሐይቁ ከመውጣትሽ በፊት ማለት ነው።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ባለ 32 አምፔር ቻርጀር 7 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል፤ ከባዶ በ7 ሰዓት ይሞላል። ለእሱ ግን ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ብሬከር ያለው፣ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ መዘርጋት አለበት። ምጣዱ ለብቻው ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ካበራሽ ብሬከሩ ይወርዳል። ለአንቺ ሥራ ትንሹ ይበቃል፤ ገንዘብሽን አታባክኚ።

አደራ የምልሽ የመሬት ሽቦውን ነው። በየቤቱ ስገባ የማየው፣ ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሆኖ ሦስተኛው ከምንም ጋር አልተያያዘም። ለቴሌቪዥን ማንም አይጠይቅም፤ የመኪና ቻርጀር ግን ይህንን ይለካል፤ የመሬት ግንኙነት ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ አልሠራም ይላል። ያን ጊዜ የሰፈር ሰው መጥቶ የመሬቱን ጫፍ ከኒውትራሉ ጋር አገናኝቶ ሊያታልለው ይሞክራል። ይህን ፈጽሞ አትፍቀጂ! ኒውትራሉ በተበጠሰ ቀን የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይይዛል። አንቺ ደግሞ እጅሽም ጫማሽም በበረዶ ውኃ ርሶ የምትሠሪ ሰው ነሽ። የመዳብ ዘንግ አስቀብሪ፣ በመሣሪያ አስለኪ። በማከፋፈያ ገመድም አትሰኪ።

መብራት መጥፋቱን በተመለከተ፣ አብዛኛው ቻርጀር ኃይል ሲመለስ ከቆመበት ይቀጥላል። 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ የሚሠራው ከዚሁ ከሐይቃችን በሚጠለፍ ውኃ ነው፤ እኛን የሚያስቸግረን የማከፋፈያው መስመር ነው። ባትሪሽን ከግማሽ በታች ሳታወርጂ ከያዝሽ አንድ ቀን መብራት ቢጠፋ ሥራሽ አይቆምም።

የድባንቄዋ

እህት ዓለም፣ እኔ የኤሌክትሪክ መኪና ከያዝኩ ቆይቻለሁ። ሞዴሉ ሌላ ነው፤ የባትሪው መጠን ግን ይቀራረባል።

430 ያሉሽ ቻይናዎቹ ሲኤልቲሲ በሚሉት መለኪያ መሆን አለበት። የዚያ ፈተና አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሁልጊዜ ያምራል። እኔ በ100 ኪሎ ሜትር ከ14 እስከ 16 ኪሎዋት ሰዓት እጨርሳለሁ፤ ስታሰዪው 300 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ ጎንደር ሄጃለሁ፤ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፎገራ ሜዳው ላይ ምንም አይሰማሽም፤ ከአዲስ ዘመን በኋላ ዳገቱ ሲመጣ ነው የሚቀንሰው። ሲሶ ያህል ቀርቶኝ ደረስኩ፤ ዘመድ ቤት ሰክቼ አድሬ ተመለስኩ። ለከተማ ሥራ ርቀቱ አያስጨንቅሽ።

የሚያስጨንቀው ጥገናው ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደማንኛውም መኪና ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለው፤ እሱ ሲሞት ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሣም። የእኔ አንድ ጠዋት ሞተና በሩ እንኳ በሪሞት አልከፈት አለ። የሸጠልኝ ድርጅት እዚህ ከተማ ባለሙያ አልነበረውም፤ ከአዲስ አበባ እንልካለን እያለ አንገላታኝ። በመጨረሻ ሪሞቱ ውስጥ በተደበቀው የብረት ቁልፍ በሩን ከፍቶ፣ ባትሪውን ቀይሮ ያስነሣልኝ እዚሁ ባሕር ዳር ያለ የባጃጅ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ያ ልጅ ይባረክ። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠትሽ በፊት እዚህ ማን እንደሚጠግንልሽ፣ ጋራዡ የት እንደሆነ በአካል ያሳዩሽ።

ቋንቋውን በኋላ በሶፍትዌር እንቀይረዋለን ካሉሽ፣ አሁን ፊትሽ ቀይረው ያሳዩሽ። የቻርጅ መሰኪያውንም እይ፤ ከቻይና ገበያ በቀጥታ የመጣ ከሆነ ጂቢቲ የሚባለው ነው፣ ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ 2 ነው። አንዱ ለሌላው አይገባም። አንቺ በምትሄጂበት ሁሉ የትኛው እንዳለ ጠይቀሽ እወቂ።

ጡረተኛው ሾፌር

ልጄ፣ ዕድሜዬን በሙሉ የጭነት መኪና ነድቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ተንበርክከሽ ሥሩን ማየትሽን ወድጄልሻለሁ፤ ሌላው ሰው ቀለሙን ነው የሚያየው። የለካሽው ግን ባዶውን ነው። የበረዶ ሳጥኖቹን ስትጭኚና ረዳት ስታስቀምጪ የኋላው ይረግጣል፤ ያ ክፍተት ሁለት ጣት ያህል ይቀንሳል። ከሥሩ ያለው የዘይት ቋት ቢሆን ኖሮ ድንጋይ ቢመታው እናስበይደዋለን። ባትሪ ግን አይበየድም። ሽፋኑ ምን እንደሆነ፣ ተጨማሪ የብረት መከላከያ ማሰር ዋስትናውን ያፈርስ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂያቸው።

ስኮርቱን ደግሞ ዛሬውኑ በዋጋው ውስጥ አስገቡልኝ በይ። ሙጫ የጎማ ጎን ሲቀደድ አይሠራም፤ የእኛ ድንጋይ የሚቀድደው ጎኑን ነው።

እኔን ግን ያላሳመነኝ አንድ ነገር አለ። ቤዛዊት ኮረብታ ናት። ዓባይ በረሃን ይህ መኪና እንዴት አድርጎ ይወጣዋል?

የፊዚክስ መምህር

ጋሼ፣ እሱን አስልቼ ልንገርዎት። መኪናው ከነሰውና ከነጭነቱ 1,800 ኪሎ ግራም ነው እንበል። ከዓባይ ወንዝ ድልድይ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው የከፍታ ልዩነት 1,400 ሜትር ያህል ነው። ያን ክብደት ያን ያህል ወደ ላይ ለማንሣት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ በብክነትና በመንገዱ ርዝመት የሚጨመረው አለ። ከ45 ላይ ሲታይ ብዙ አይደለም። በደጀን በኩል ሲወርድ ደግሞ ከዚያ ኃይል ጥሩ ድርሻውን ይመልሳል፤ የፍሬን ሸራውም አይቃጠልም። በዚያ ቁልቁለት የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ሌላም አለ። የቤንዚን ሞተር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ጉልበት ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው ባሕር ዳርም፣ ጎሐ ጽዮንም፣ ከዚያ በላይም ጉልበቱ ያው ነው። ጥያቄው መውጣት አይደለም፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ የት ቆሞ ይሞላል የሚለው ነው።

ዓሣ አቅራቢዋ፣ ሽምብጥ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ምክርዎን እንደ አባት ምክር ነው የተቀበልኩት።

ዛሬ ደወልኩላቸው። መሰኪያው ጂቢቲ ነው። ስኮርቱን በዋጋው ውስጥ ለመጨመር ተስማምተዋል። የባትሪውን ዋስትና በአስመጪው ማኅተም፣ በአማርኛ ተጽፎ ካልያዝኩ ብር አልከፍልም ብያቸዋለሁ፤ ወረቀቱን እናዘጋጃለን አሉ። ስለ ጋራዡ የሰጡኝ መልስ ግን አላረካኝም፤ “በቅርቡ እንከፍታለን” ነው የሚሉት። የድባንቄዋ እህቴ፣ ያ የባጃጅ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈቃደኛ ከሆነ ቢያስተዋውቁኝ ደስ ይለኛል፤ ቁጥሩን ግን እዚህ ሳይሆን በውስጥ መስመር ላኩልኝ።

ቀብዱን እስካሁን አልሰጠሁም። መኪናውን ዓሣ ወደምረከብበት ቦታ፣ የራሴን የበረዶ ሳጥኖች ሙሉ ጭኜ ካልነዳሁት አልወስንም አልኳቸው። ተከራከሩኝ፤ ማሳያው መኪና ይቆሽሻል፣ ሽታ ይይዛል አሉ። ሸራ አነጥፋለሁ አልኩ። ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሊሰጡኝ ተስማምተናል። ኤሌክትሪሺያን ወንድሜ፣ ቤቴ መጥተህ የመሬት መስመሩን ብትለካልኝ የሚገባህን እከፍላለሁ።

ኤሌክትሪሺያኑ፣ ዓባይ ማዶ

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ፤ መለኪያውን ይዤ።

የድባንቄዋ

የልጁን ቁጥር ልኬልሻለሁ። ሐሙስ ስትነጂው ባትሪውን 100 ከመቶ ሞልተው አይስጡሽ። ሙሉ ሲሆን ቁልቁለት ላይ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስገባበት ቦታ ስለማይኖረው እግርሽን ስታነሺ እንደ ቤዛዊቱ አይይዝልሽም፤ ጭነሽ ስትወርጂ ደግሞ ትደነግጫለሽ። 80 ከመቶ ላይ አድርጉልኝ በያቸው። ከመነሣትሽ በፊት የባትሪውን መቶኛና ኪሎ ሜትሩን በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ስትመለሺም እንዲሁ። ቁጥሮቹን እዚህ ጻፊልንና ከእኔው ጋር እናስተያያቸዋለን።