በጩኸት ለተጎዳ ጆሮ ጥቆማ፦ ምርመራ፣ መስሚያ መሣሪያ፣ መከላከያ

ጥያቄ፦
ምናለሽ ተራን በመሰለ፣ መዶሻና ግራይንደር ቀኑን ሙሉ በማያርፍበት ቦታ 15 ዓመት ለሠራ ብረት ሠራተኛ ጥቆማ ይፈለጋል። ሰው ሲያናግረው ድምፁን ይሰማል፣ ቃሉን ግን አይለይም። ሌሊት ሁለቱም ጆሮዎቹ ጭው ይላሉ። ሦስት ምርጫ አለው፦ ገበያ ላይ ያለችውን ርካሽ ማጉያ መግዛት፣ አሜሪካ ያለ ዘመድ መስሚያ መሣሪያ እንዲያመጣለት መጠየቅ፣ ወይም እዚሁ አዲስ አበባ ተመርምሮ መግዛት። የቱ ያዋጣዋል? ሥራውን ስለማያቆም መከላከያም ጠቁሙ።

መልስ 1፦
ከሦስቱም ምርመራው ይቅደም። ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም ከአንገት በላይ ሕክምና ክፍል አላቸው። በሪፈር ስለሚኬድ ወረፋ አለው። የግል ክሊኒክ ከተመረጠ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ድምፅ የማያስገባ ክፍል አላችሁ? በአየርም (በጆሮ ማዳመጫ) በአጥንትም (ከጆሮ ኋላ በሚነዝር መሣሪያ) ትለካላችሁ? ኦዲዮግራሙን፣ ማለትም የመስማት ልኬቱን ሠንጠረዥ፣ በወረቀት ትሰጣላችሁ? የመኪና ጩኸት በሚሰማበት ክፍል የተደረገ ልኬት ያሳስታል። የውጭው ጉርምርምታ ወፍራም ድምፆችን ስለሚሸፍን ደህና የነበረው የመስማት ክፍል የተጎዳ ይመስላል፤ በዚያ ውጤት የተስተካከለ መሣሪያም ያንኑ ስህተት ይዞ ይሄዳል።

ለምርመራ የሚሄደው ከሥራ በቀጥታ ሳይሆን ቢያንስ 14 ሰዓት ከጩኸት ርቆ ከቆየ በኋላ ነው። ቀን የደከመ ጆሮ ከእውነተኛው የባሰ ውጤት ያሳያል። ጩኸት የጎዳው ጆሮ ወረቀቱ ላይ የሚታወቅ መልክ አለው፤ መስመሩ ከ3,000 እስከ 6,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ 4,000 ላይ ወደ ታች ይሰምጥና 8,000 ላይ ትንሽ ይነሣል። «ይሰማል፣ አይለይም» የሚባለው ከዚህ ይመጣል። አናባቢው ወፍራም ስለሆነ ይደርሰዋል፤ ስ፣ ሽ፣ ፍ ግን ቀጭን ስለሆኑ ያመልጡታል። «ሰማ»ና «ሸማ»፣ «ሰላ»ና «ፈላ» አንድ ይሆኑበታል።

ኩክ ካለ ሐኪም ያውጣው። የክብሪት እንጨትና የጥጥ መጥረጊያ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፉታል።

አንድ ጆሮ ብቻ ከጮኸ፣ ጩኸቱ ከልብ ምት ጋር እኩል ከመታ፣ ወይም ማዞር ካለበት ለሐኪሙ ለይቶ ይንገረው። መስማት በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ በድንገት ከወረደ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው። ለዚህ የሚሰጠው የስቴሮይድ ሕክምና የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተስፋው በጣም ይቀንሳል።

መልስ 2፦
ማጉያዋን አልመክርም። ሁሉንም ድምፅ እኩል ታጎላለች፤ የሰውዬው ችግር ግን ቀጭኑ ላይ ብቻ ነው። ደህና የሚሰማው የመኪናና የሳህን ድምፅ ጆሮውን ሲደበድበው የጠፋው ስ እንደጠፋ ይቀራል። ብዙዎቹ የድምፁን ጣሪያ የሚገድብ ነገር ስለሌላቸው መዶሻ ሲወርድ በቀረው መስማት ላይ ሌላ ጉዳት ይጨምራሉ።

ትክክለኛውን መስሚያ መሣሪያ የሚለየው በየድምፁ ውፍረት ለየብቻ መስተካከሉ ነው። ለዚህ ሰው የሚስማማው ከጆሮ ኋላ ተቀምጦ በቀጭን ሽቦ ድምፅ ማውጫውን ወደ ጆሮ ቀዳዳ የሚያስገባው ዓይነት ነው፤ ጫፉም ቀዳዳ ያለው ክፍት ጎማ ይሁን። ክፍቱ ጎማ ወፍራሙን ድምፅ በተፈጥሮ ያስገባል። የተዘጋ ጎማ ከተደረገለት የራሱ ድምፅ በርሜል ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ይጮህበታል፣ በሳምንቱ አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። ከመሣሪያዎች ብዙዎቹ የሚጣሉት በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው፣ ያሳዝናል።

ስለዚህ ሁለት ክሊኒኮችን ስታወዳድሩ ስለ ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። ቀጭን የማይክሮፎን ቱቦ ጆሮ ውስጥ አስገብተው፣ መሣሪያው እዚያው የሚያወጣውን ድምፅ ለክተው ያስተካክላሉ? ከገዛ በኋላ ስንት ጊዜ በነፃ ይመለሳል? አንድ ጊዜ አስተካክሎ «ይለመዳል» ከሚል ቤት፣ በሁለተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ተመለስ የሚል ይበልጣል። አእምሮ ለዓመታት ያልሰማውን ስ መልሶ እስኪለምድ ሳምንታት ይፈጃል፤ መጀመሪያ ዝቅ ተደርጎ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል። አቅም ከጠበበ መካከለኛ መሣሪያ በጥሩ ልኬት፣ ውድ መሣሪያ ያለ ልኬት ከሚሆን ይሻላል።

መልስ 3፦
ከውጭ ለሚላክ ዕቃ፦ ዘመድ ከመግዛቱ በፊት እዚህ ያለው ክሊኒክ የየትኛውን ምርት ማስተካከያ ሶፍትዌር እንደሚጠቀም ይጠየቅ። ፎናክ፣ ኦቲኮን፣ ሲግኒያ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሶፍትዌር አላቸው። አሜሪካ ውስጥ በአንዳንድ መደብሮች የሚሸጡ መሣሪያዎች ሌላ ባለሙያ እንዳይከፍታቸው የተቆለፉ ናቸው፤ ርካሽ ቢሆኑም አዲስ አበባ ከደረሱ ማንም አያስተካክላቸውም። «ተቆልፏል ወይ?» ብሎ በጽሑፍ መልስ መቀበል ይበጃል። ኦዲዮግራሙም ቀድሞ ይላክ።

በአሜሪካ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ መሣሪያዎች ተፈቅደዋል። ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ከቀላል እስከ መካከለኛ ጉዳት ብቻ ናቸው። በስልክ መተግበሪያ ራስ በራስ የሚስተካከሉት ለሚላክለት ሰው ይመቻሉ። የአፕል ጆሮ ማዳመጫ ኤርፖድስ ፕሮ 2 እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የመስሚያ አገልግሎት ተጨምሮለታል፤ ሲወጣ ዋጋው 249 ዶላር ነበር። ግን አይፎን ይፈልጋል፣ አገልግሎቱ በሁሉም አገር አይከፈትም፣ ባትሪውም ለሙሉ ቀን አይበቃም። ለቤተሰብ ጨዋታና ለስብሰባ እሺ፤ ቀኑን ሙሉ ለሚፈልገው ሰው አይሆንም።

አያት ወይም አጎት ትቶት ያለፈው መሣሪያ ካለም አይጣል። ኃይሉ ለአዲሱ ሰው ጉዳት ከተስማማ፣ ጎማውና የኩክ ማጣሪያው ተቀይሮ እንደ አዲስ ይስተካከላል። ሳይስተካከል ማድረግ ግን አይገባም።

መልስ 4፦
ስለ መከላከያ። ልኩ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ግራይንደር 100 ገደማ ያወጣል፣ እዚያ ላይ ያለ መከላከያ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ጥጥ መወተፍ ከምንም አይቆጠርም።

የስፖንጅ ኢርፕላግ (ጆሮ ውስጥ የሚገባ መሰኪያ)፣ ለምሳሌ 3ኤም 1100፣ ማሸጊያው ላይ 29 ዴሲቤል ይቀንሳል ይላል። ያ ቁጥር በላቦራቶሪ የተገኘ ነው። በሥራ ቦታ 7 ቀንሶ ለ2 ማካፈል ይሻላል፦ 11። 100 የነበረው 89 ይሆናል፣ ሦስት ሰዓት ያሠራል። ፔልተር ኤክስ5ኤ ኢርማፍ (ጆሮን ከውጭ የሚሸፍን) 31 ይላል፣ በዚሁ ስሌት 12። ሁለቱን ደርቦ ማድረግ ቁጥሮቹን አይደምርም፤ በትልቁ ላይ 5 ያህል ብቻ ይጨምራል። 12 እና 5፣ 17 ይቀነሳል፤ 100 የነበረው 83 ደረሰ ማለት ነው፣ ለሙሉ ቀን ይበቃል።

አደራረጉ፦ ስፖንጁን እንደ ቀጭን ሲጋራ ማጠቅለል፣ በሌላኛው እጅ ከጭንቅላት በላይ አልፎ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ መሳብ፣ ማስገባት፣ 30 ሰከንድ በጣት ይዞ መቆየት። ግማሹ ውጭ ከታየ አልገባም። ግሪስ በነካው እጅ መጠቅለል ጆሮን ያሳምማል፤ እጅ መታጠቢያ በሌለበት ባለ ሦስት ክንፉ አልትራፊት ይመረጣል፣ በሳሙና ታጥቦ ደጋግሞ ይሠራል። ለብየዳ ማስክ ኢርማፍ አይመችም፣ ኢርፕላግ ይሁን። የመነጽር ክንድም የኢርማፍን ትራስ ከፍቶ ድምፅ ያስገባል።

ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ ከሥሩ የአሸዋ ከረጢት ወይም የጎማ ምንጣፍ ማድረግ ደወልታውን ያፍነዋል። ብዙም ወጪ የለው፣ የጎረቤትንም ጆሮ ያድናል። ለተቀጣሪ ደግሞ መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 92።

ድምፁ የተዘጋ መስሚያ መሣሪያ ጆሮ ውስጥ ስላለ መከላከያ አይሆንም። ሥራ ላይ ይወልቅ።

መልስ 5፦
ለሌሊቱ ጭውታ የሚገዛ መድኃኒት አይፈለግ። ጊንኮ፣ ዚንክና ሜላቶኒን የአሜሪካ ከአንገት በላይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2014 መመሪያቸው ለዚህ ችግር አንመክርም ብለዋል። የሚረዳው ጸጥታውን መስበር ነው፦ አነስተኛ ፋን፣ በሁለት ጣቢያ መካከል ያለ የሬዲዮ ሹሹታ፣ አይፎን ላይ በተደራሽነት ክፍል ያለው የዝናብ ድምፅ፣ ሁሉም ነፃ ወይም ርካሽ ናቸው። ድምፁ ከጭውታው ትንሽ ዝቅ ይበል። ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ አእምሮ ችላ ማለትን አይማርም፣ ሲዘጋም ብሶ ይሰማል። በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በክፍል ውስጥ ይከፈት። ቀን መስሚያ መሣሪያ ማድረጉ ራሱ ብዙ ሰው ላይ ጭውታውን ያቀልላል። እንቅልፍ እስከ መንሣት ከደረሰ የተሻለ ማስረጃ ያለው የሥነ ልቦና ሕክምና ነው፤ ጩኸቱን አያጠፋም፣ ፍርሃቱን ግን ያነሣል።

ለማንኛውም ሕመም መርፌ ሲታዘዝለት ጆሮው እንደሚጮህ ለሐኪሙ ይንገር። ጀንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን የውስጥ ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ።

መልስ 6፦
ባትሪ የሚቀየርለት ዓይነት ከተገዛ የመጠኑን ቁጥርና ቀለሙን ያስታውስ፦ 10 ቢጫ፣ 312 ቡናማ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ። በአየር ስለሚሠሩ ተለጣፊው ከተላጠ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል አየር ያግኙ፣ ከዚያ ይገቡ። አንዴ ከተላጠ ባይጠቀምበትም ያልቃል፤ መልሶ መለጠፍ አያድነውም። 312 ከአንድ ሳምንት ብዙ አይዘልም፣ 13 ደግሞ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ጣት የደደረበት የብረት ሠራተኛም 13ን በቀላሉ ይይዛል። ሲገዛ ከጀርባው የተጻፈውን ማብቂያ ጊዜ ይመልከት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አያስቀምጥ። ማታ የባትሪውን በር ከፍቶ መሣሪያውን ከሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ያሳድረው። ድምፁ በድንገት ከደከመ ደግሞ ባትሪውን ከመወንጀሉ በፊት የኩክ ማጣሪያውን ይቀይር።