ኪሊማንጃሮን ከአስጎብኚ ቡድን ጋር ለመውጣት፦ የአምስት ቀን ጉዞ ይበቃል ወይስ የሰባት?

ጥያቄ፦ ጀማሪ ተጓዥ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔና አምስት የሥራ ባልደረቦቼ በመጪው ጥር ወር ወደ ታንዛኒያ ተጉዘን ኪሊማንጃሮን ለመውጣት ወስነናል። ከመካከላችን ከ3,000 ሜትር በላይ አድሮ የሚያውቅ የለም። ያለ መሪ መውጣት በብሔራዊ ፓርኩ ደንብ ስለማይፈቀድ ሁለት አስጎብኚ ድርጅቶችን አነጋግረን ሁለት የተለያየ ሐሳብ ቀርቦልናል። አንደኛው በማራንጉ መንገድ በአምስት ቀን ወጥቶ መመለስ ሲሆን ማደሪያው የእንጨት ጎጆ ነው። ሁለተኛው በማቻሜ መንገድ ሰባት ቀን የሚፈጅ ነው፤ ማደሪያው ድንኳን ሆኖ ሳለ ዋጋው ከመጀመሪያው በብዙ ይበልጣል። አብዛኞቻችን ወደ አምስቱ ቀን አዘንብለናል፤ ምክንያታችንም ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን፣ ጎጆው ከብርድ የተሻለ ይከልለናል፣ የዓመት ፈቃዳችንም ይቆጠብልናል የሚል ነው።

ዕድሜዬ 46 ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን አሥር አሥር ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። ይህ ዝግጅት ለአምስቱ ቀን ጉዞ ይበቃኛል? ከመካከላችን አንዱ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል፤ እርሱ መቅረት ይኖርበታል? ተራራው እሳተ ገሞራ መሆኑስ የሚያሰጋ ነገር አለው? ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን፣ እኔ ብታመም ሌሎቹ አምስቱ በእኔ ምክንያት ከመንገድ ይመለሱ ይሆን የሚለው ሐሳብ ነው። በቦታው የነበራችሁ ሰዎች ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ምላሽ፦ ከአፋፉ የተመለሰ

ውድ ጠያቂያችን፣ የቀረበልዎት የአምስት ቀን ጉዞ እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሞከርኩትና ያልተሳካልኝ ስለሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይህን እንዲያነቡ እለምንዎታለሁ።

የማደሪያዎቹን ከፍታ ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው ሌሊት ማንዳራ 2,720 ሜትር፣ ሁለተኛው ሆሮምቦ 3,720 ሜትር፣ ሦስተኛው ኪቦ ጎጆ 4,720 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሦስተኛው ሌሊት ደግሞ በእርግጥ አድረዋል ማለት አይቻልም፤ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀስቅሰው ወደ ተራራው አናት፣ ወደ 5,895 ሜትር መውጣት ይጀምራሉና። የከፍታ ሕክምና ባለሙያዎች ከ3,000 ሜትር በላይ የሚመክሩት፣ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምርና በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ነው። የአምስቱ ቀን ጉዞ ግን በየሌሊቱ አንድ ሺህ ሜትር ይጨምራል፤ የዕረፍት ቀንም የለውም።

እኔም እንደ እርስዎ ሯጭ ነበርኩ፤ ጉልበቴንም እተማመን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከቡድኑ ቀድሜ እየደረስኩ ሌሎቹን ተቀምጬ እጠብቅ ነበር፤ መሪው በስዋሂሊ «ፖሌ ፖሌ»፣ ማለትም «ቀስ ቀስ» እያለ ደጋግሞ ቢመክረኝም ምክሩ ለደካሞች የተሰጠ ይመስለኝ ነበር። ኪቦ ጎጆ ስደርስ ራሴን የሚፈልጥ ሕመም ጀመረኝ፤ እራት የሚባል ነገር ማየት አልቻልኩም። ይህን ሁሉ ከመሪው ደበቅሁ። ሌሊት፣ በእሳት ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ካለው ከጊልማን ነጥብ በታች፣ በጠጠርና በአመድ ዳገት ላይ፣ አንድ እርምጃ ወጥቼ ግማሹን ወደ ኋላ እየተንሸራተትሁ ስታገል ማስመለስ ጀመርኩ፤ ቀጥሎም እግሮቼ አልታዘዝ አሉኝ። መሪው የግንባር መብራቱን ፊቴ ላይ አብርቶ ጥቂት ጥያቄዎች ጠየቀኝና «ጉዞህ እዚህ ላይ አብቅቷል» አለኝ። በዚያች ሰዓት ክፉኛ ተቆጥቼው ነበር። ወደ ሆሮምቦ ስንወርድ ግን ሕመሙ በየመቶ ሜትሩ እየለቀቀኝ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ ሾርባ ጠጥቼ ያለ ድጋፍ ስራመድ፣ ያ ሰው ምን እንዳደረገልኝ ገባኝ።

ስለዚህ ስለ ሩጫው የምመልስልዎት ይህን ነው፦ ሩጫ አቀበቱን ያቀልልዎታል፤ ሰውነት ከስስ አየር ጋር የሚላመድበትን ጊዜ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አያሳጥርም። እንዲያውም ብርቱ ሰው ፈጥኖ ከወጣ የባሰ ሊጎዳ ይችላል። በማራንጉ መሄድ ግድ ከሆነባችሁ፣ ቢያንስ ሆሮምቦ ላይ አንድ ተጨማሪ ሌሊት የሚያሳድረውን የስድስት ቀን ጉዞ ጠይቁ።

ምላሽ፦ የጤና ባለሙያ

ከላይ የተጻፈው ምስክርነት ትክክል ነው፤ እኔ ከሕክምናው በኩል ጥቂት ልጨምርበት።

ብዙ ሰው በከፍታ ላይ ኦክስጅን «ያልቃል» ይላል። ከአየሩ ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ ግን በባሕር ወለልም በኪሊማንጃሮ አናትም ያው 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። አናቱ ላይ ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ወደ ግማሽ ስለሚወርድ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅንም እንዲሁ በግማሽ ያህል ያንሳል። ሰውነት ይህን የሚቋቋመው በቀናት ውስጥ አተነፋፈሱን በማብዛትና የደሙን ሁኔታ በማስተካከል ነው፤ ለዚህም ጊዜን የሚተካ ነገር የለም።

ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከድካም ወይም ከማዞር ጋር ሲመጣ የከፍታ ሕመም ነው ብሎ መያዝ ይገባል። ቀላል ከሆነ በዚያው ከፍታ አርፎ ማየት ይቻላል፤ እየባሰ ከሄደ መውረድ እንጂ መውጣት አይፈቀድም። ሁለት ምልክቶችን ግን ቡድናችሁ በሙሉ በቃል ሊያውቃቸው ይገባል። የመጀመሪያው ተረከዝን ከጣት እያስነኩ ቀጥ ባለ መስመር ለመራመድ አለመቻል ወይም ንግግር መዘባረቅ ሲሆን፣ ይህ አንጎል ማበጥ መጀመሩን ያመለክታል። ሁለተኛው ቁጭ ብለው እንኳ ትንፋሽ ማጠርና የማያቋርጥ ሳል ሲሆን፣ ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀሙን ይጠቁማል። ሁለቱም በሰዓታት ውስጥ ሊገድሉ የሚችሉ ናቸው፤ ጧት እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በጨለማም ቢሆን ወዲያውኑ መውረድ ያስፈልጋል። ኦክስጅንና መድኃኒት ለመውረድ ጊዜ ይሰጣሉ እንጂ መውረድን አይተኩም።

አሴታዞላማይድ፣ በተለምዶ ዳያሞክስ የሚባለው መድኃኒት፣ ለመከላከያ ብዙውን ጊዜ 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ጀምሮ ይሰጣል። መላመድን ያፋጥናል፤ ሕመሙን ግን ሸፍኖ አያስቀርም። ጣትንና ከንፈርን ይነዝራል፣ ሽንት ያበዛል፤ ለአንዳንድ ሰዎችም አይስማማም። ስለዚህ ሐኪም ሳያማክሩ፣ ቤት ውስጥም ሳይሞክሩት ተራራ ላይ አይጀምሩት። የአልኮል መጠጥና የእንቅልፍ መድኃኒት ትንፋሽን ስለሚያዘገዩ ይቅሩ። የደም ግፊት ያለበት ባልደረባችሁ ግፊቱ በመድኃኒት የተስተካከለ ከሆነ መቅረት ላይኖርበት ይችላል፤ ሆኖም ከፍታ ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ከጉዞው ሳምንታት ቀድሞ ሐኪሙ ዘንድ ይቅረብ፤ የሚወስደውንም መድኃኒት ስም ለመሪው ጽፎ ይስጥ።

ምላሽ፦ በማቻሜ የወጣ

በሰባቱ ቀን ጉዞ ኡሁሩ ጫፍ፣ ማለትም የተራራው አናት ከደረሱት አንዱ ነኝ። የማቻሜን መንገድ ጠቃሚ የሚያደርገው የቀኑ ብዛት ብቻ ሳይሆን የመንገዱ አወራረድም ነው። በሦስተኛው ቀን ላቫ ታወር እስከሚባለው የገሞራ ቋጥኝ፣ 4,600 ሜትር ድረስ ወጥታችሁ ምሳ ትበሉና ለማደር ባራንኮ ወደሚባለው ሰፈር፣ ወደ 3,950 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። ከፍ ብሎ ውሎ ዝቅ ብሎ ማደር የሚባለው ይህ ነው። ቀጥሎ ካራንጋ በሚባለው ሰፈር አንድ ሌሊት ታድራላችሁ፤ ከዚያም ከአናቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ሰፈር፣ ባራፉ፣ 4,670 ሜትር ያህል ላይ። የስድስት ቀን ማቻሜ የሚሸጥ ድርጅት የሚቆርጠው የካራንጋን ሌሊት ስለሆነ፣ ውሉ ላይ ስሟ መኖሩን ተመልከቱ። የፓርኩ ክፍያ በቀን የሚቆጠር ስለሆነ ዋጋውን የሚያወርደው አንዱ መንገድ ቀን መቀነስ ነውና ርካሽ ዋጋ ስታዩ መጀመሪያ ሌሊቶቹን ቁጠሩ።

ስለ እሳተ ገሞራው አትስጉ። ኪሊማንጃሮ ሺራ፣ ማዌንዚና ኪቦ የሚባሉ ሦስት ገሞራዎች የተደራረቡበት ተራራ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጠፉ ናቸው፤ ኪቦ እንቅልፍ ላይ ያለ ሲሆን በእሳት ጉድጓዱ ውስጥ አሁንም የድኝ ሽታ ያለው ጋዝ ይወጣል። የእናንተ መንገድ በጉድጓዱ ጠርዝ እንጂ በውስጡ አያልፍም። ገሞራነቱን የምታውቁት ይልቁንስ በእግራችሁ ሥር ነው፦ የመጨረሻው ሌሊት ዳገት ልቅ ጠጠርና አመድ ነው፤ ሌሊት የሚወጣበት አንዱ ምክንያትም ብርዱ ሲያጠነክረው ለእግር ስለሚጸና ነው።

«ሌሎቹን እመልሳለሁ» ላሉት ስጋት መልሱ ያለው በመሪዎቹ ቁጥር ላይ ነው። ለስድስት ተጓዥ አንድ ዋና መሪና ቢያንስ ሁለት ረዳቶች ካሉ፣ አንድ ሰው ሲታመም አንዱ ረዳት ይዞት ይወርዳል፤ የቀሩት ይቀጥላሉ። በእኛም ቡድን ሁለት ሰዎች እንዲህ ተመልሰው አራታችን ደርሰናል። ድርጅቱን ይህን በጽሑፍ ጠይቁት፤ ኦክስጅን ይያዛል ወይ፣ የደም ኦክስጅን መጠን ጧትና ማታ በመለኪያ ይታያል ወይ፣ ለመመለስ የመወሰን ሥልጣን ያለው ማን ነው የሚለውንም ጨምሩ። ለመጨረሻው ጥያቄ «ደንበኛው» ብሎ የሚመልስ ድርጅት ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም፤ እርሱም የተሸካሚዎቹ ነገር ነው። ድንኳናችሁን፣ ምግባችሁንና ሻንጣችሁን የሚያወጡት እነርሱ ናቸው፤ ለአንድ ሰው የተፈቀደው ሸክም 20 ኪሎ ነው፤ በሚዛንም ይመዘናል። ከ2003 ጀምሮ የሚሠራ የኪሊማንጃሮ ተሸካሚዎች ድጋፍ ፕሮጀክት የሚባል ተቋም አለ፤ ደመወዛቸውን፣ ምግባቸውንና መጠለያቸውን በአግባቡ የሚያሟሉ ድርጅቶችን ይከታተላል። ድርጅታችሁ ከእነዚህ አንዱ መሆኑን አረጋግጡ። ባራፉ ላይ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ቀጭን ጃኬት ለብሶ የቆመ ተሸካሚ አይቻለሁ፤ ከሌላ ቡድን ነበር፤ ዋጋው እንዴት እንደረከሰ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ተጓዥ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ለባልደረቦቼ አንብቤላቸው፣ ትናንት ማታ ተሰብስበን የሰባቱን ቀን መርጠናል። ድርጅቱ አንድ መሪና ሁለት ረዳቶች እንደሚመድብ፣ የመመለስ ውሳኔም የዋናው መሪ ብቻ እንደሆነ በጽሑፍ መልሶልናል። እስከ መጨረሻው የአምስቱን ቀን የመረጠው አንድ ባልደረባችን ብቻ ነበር፤ እርሱም በገንዘቡ ስለተቸገረ፣ ልዩነቱን ለአምስት ተካፍለን ልንሸፍንለት ተስማምተናል። አሁን የቀረኝ ስለ መጨረሻው ሌሊትና ስለ ልብስ ነው።

ምላሽ፦ በማቻሜ የወጣ

ስለ ውሳኔያችሁ ደስ ብሎኛል። አናቱ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 10 እስከ 20 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ነፋስ ካለ ደግሞ ይብሳል። አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ ይልቅ ደራርባችሁ ልበሱ፤ በቀጭኑ ጓንት ላይ ወፍራሙን ድረቡ። የመጠጫ ቱቦ ያለው የውኃ ከረጢት በሌሊቱ ብርድ ቱቦው በበረዶ ይዘጋል፤ ውኃውን በጠርሙስ አድርጋችሁ፣ ጠርሙሱን ዘቅዝቃችሁ ያዙት፤ በረዶ ከላይ ስለሚጀምር ክዳኑ ሳይዘጋ ይቆያል። ሊጣል የሚችል የፕላስቲክ ጠርሙስ ፓርኩ ስለማይፈቅድ ከመግቢያው በር በፊት ሌላ ይኑራችሁ። የመብራትና የካሜራ ባትሪም ከሰውነታችሁ ጋር ተጠግቶ ይሞቅ።

ሰዎች ስለ መውጣቱ ብዙ ይጠይቃሉ፤ ስለ መውረዱ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከአናቱ በኋላ በዚያው ቀን እስከ ምዌካ ሰፈር፣ 3,100 ሜትር ድረስ ስለምትወርዱ፣ ሌሊቱን ሳይተኙ የዋሉት ጉልበቶቻችሁ ወደ 2,800 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ይሸከማሉ። ስለዚህ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሩጫውን ቀንሱና በተከታታይ ሁለት ሁለት ቀን ረጅም ዳገት እየወጣችሁ ውረዱ፤ ምርኩዝም ተለማመዱ። ጫማችሁን ከአሁኑ ግዙና በዚህ ልምምድ ላይ ተጫሙት። ከመነሣታችሁ በፊት የእግር ጥፍራችሁን አሳጥራችሁ ቁረጡ፤ እኔ ይህን ባለማድረጌ ሁለት ጥፍሮቼ ምዌካ ላይ ጠቁረው ነበር።